የአቶንግ ከረሜላ

ማናህሎሽ ሰባት ዓመት ሙሉ የብስራትን ፊት ስትወለውል ኖራለች። ፊቱ ሎሎጎ ሰፈር ባለው የአረጋውያን ቤት መግቢያ ላይ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ከፎቶው ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አለ፣ ቀይ ማኅተምም አርፎበታል። የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ነው። የጁባ አቧራ ማንንም አያከብርምና ሲነጋ ብስራት ፊት ላይ ተኝቶ ይገኛል፤ እሷም በየማለዳው በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። አንዳንድ ቀን ጨርቁ ከዚያ በፊት ምን ሲጠርግ እንደነበር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ቤቱን የያዘችው እሷ ነች። አሥራ አራቱንም አረጋውያን በስም፣ በሕመም፣ በአመል ትለያቸዋለች። ከአልጋ የማይነሱትን ጎናቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ትገለብጣለች። ብስራት በወር አንድ ቀን በነጭ መኪና ይመጣል፣ በሩ ላይ ሽታው ሲቀበለው አፍንጫውን ይይዛል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ፈቃዱ ግን በሱ ስም ነው፤ ዲፕሎማ አለዋ። እሷ አራተኛ ክፍል ነው የደረሰችው፣ እሱንም አልጨረሰችው። ለፈቃዱ አንድ ሺህ የልምምድ ሰዓት ሲጠየቅ፣ እሷ የሠራችውን ሰዓት ሁሉ ጠይቆ ጠይቆ በራሱ ስም ጻፈው። ከአንዱ ሺህ ውስጥ በአንዷ ሰዓት እንኳ የሰው ዳይፐር ቀይሮ አያውቅም።

ሰው ሁሉ ቂሟ ይሄ ይመስለዋል። እሷም ይምሰላቸው ብላ ትታዋለች። ዋናው ቂም ግን ሌላ ነው፤ አቶንግ የምትባል አሮጊት ናት።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመጋቢት ነው። ደንቡ፣ ከአልጋ የማይነሣ ሰው ያለበት ቤት ቀንም ሌሊትም ነርስ ይኑረው ይላል። ብስራት ነርስ አልቀጠረም። ስለዚህ ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ከአልጋ የማይነሱት ጓሮ ወዳለችው የቆርቆሮ መጋዘን፣ ከከሰሉና ከአሮጌው ፍራሽ ጋር ይገባሉ። የዚያን ቀን የገቡት አቶንግና ኩዎት የሚባል ሽማግሌ ነበሩ። አቶንግ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም፤ ብቻዋን ስትሆን ትጣራለች። ማናህሎሽ ከረሜላ ልጣ አፏ ውስጥ ከተተችላትና በተሰባበረ ዓረብኛዋ፣ "ይቺን እየመጠጥሽ ቆዪኝ፣ ሳታልቅ እመጣለሁ" አለቻት። በሩን ቆለፈች። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

ተቆጣጣሪው ቶሎ የሚሄድ መስሏት ነበር። ለሰውየው ግን የፍየል ጥብስ ቀረበለት፣ ቀዝቃዛ ቢራ መጣለት፣ ብስራትም ቀልድ አወራለት። ጠዋት በሦስት ሰዓት የተቆለፈው በር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲከፈት ቆርቆሮው በእጅ አይነካም ነበር። ኩዎት ከውሃ እንደወጣ ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አቶንግ ሞታለች። ከረሜላዋ ጉንጯ ውስጥ ነበረች፤ ግማሿ እንኳ አላለቀችም። ምራቅ ከየት ይምጣ?

ብስራት ከበሩ ሳያልፍ አንገቱን አስግጎ አየ።

"ማሌሽ፣ ምንም አይደል፣ ጊዜዋ ነው" አለ። "ሳትደርቅ አልጋዋ ላይ መልሺያት።"

መዝገቡ ላይ በእርጅና ብሎ ጻፈ። ማናህሎሽ ከረሜላዋን በጣቷ አወጣች፣ አሮጊቷን አጠበች፣ አልጋዋ ላይ መለሰቻት። ለማንም አልተናገረችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኩዎት ሲነጋም ሲመሽም "ሞዮ፣ ሞዮ" ይላል፤ በጁባ ዓረብኛ ውሃ ማለት ነው። ውሃ ሲሰጡት ይተፋዋል። የጎበኘው ሐኪም የእርጅና መቀባጠር ነው ብሎ አለፈ። ማናህሎሽ ግን ታውቃለች። ሽማግሌው የራሱን ጥማት አይደለም የሚናገረው። ያን ዕለት በጆሮው የሰማውን ነው የሚደግመው።

እንግዲህ ዘንድሮ፣ ካቶር ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ ፈቃድ ያለ ዲፕሎማም መስጠት ተጀምሯል የሚል ወሬ ሰማች። በማግስቱ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ተሳፍራ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄደች። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ረጅም ጎልማሳ ዓረብኛዋን ትንሽ ታገሠና ሳቀ።

"እናቴ፣ ራስሽን አታድክሚ። በአማርኛ ንገሪኝ።"

ክው አለች። "አንተ ደግሞ ከየት ነህ?"

"ጋች እባላለሁ። ጋምቤላ ካምፕ ነው ያደግሁት፣ ጅማ ነው የተማርኩት። አማርኛ የገረፈኝ አስተማሪ ቋንቋ ነው፣ አይጠፋኝም።"

ወረቀቱን እያነበበ አንድ በአንድ ነገራት።

"ዕድሜ፣ ከሃያ አንድ በላይ።"

"ሃምሳ ሁለት። እጥፉን አልፌዋለሁ።"

"የጤና ምርመራ።"

"እኔ ጤና ባይኖረኝ እነሱን እስካሁን ማን ይሸከም ነበር?"

"ዲፕሎማ። እሱ ከሌለ በአንድ ቤት አሥር ዓመት የሠራ።"

"አሥራ አንድ!" አለች፣ ጠረጴዛውን በመዳፏ መትታ።

"ፈተና አለው። ማንበብ የሚቸግረው በቃል ይፈተናል፣ እኔው እፈትንሻለሁ። ቀጥሎ ደግሞ፣ የቤቱ ባለ ፈቃድ አስተዳዳሪ 'አሥሩን ዓመት ሠርታለች' ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት።"

እዚህ ላይ ፊቷ ጠቆረ። ጋች አላየም፣ ወደ መጨረሻው ወርዷል።

"ይቺ የመጨረሻዋ ከሁሉም ትብሳለች። በእጁ ባለ ሰው ላይ ጉዳት አድርሶ የማያውቅ። ውሸት ከተገኘ ስምሽ ለዘላለም ይሰረዛል፣ ሁለተኛ ማመልከት የለም። በእጅሽ የተጎዳ ሰው አለ?"

"የለም" አለች። ቶሎ ነው ያለችው፣ እንደ ሳል አምልጧት።

ጋች ጻፈ። ፎርሙን አጥፎ አስቀመጠና፣ "በሚመጣው ወር እናንተን የምፈትሸው እኔ ነኝ" አላት። "ታዲያ ስመጣ አላውቅሽም። በእንግሊዝኛ ነው የምሠራው፣ ሰላምታም የለንም። ደንብ ነው።"

"እኔም አላውቅህም" አለችው።

ብስራትን ስለ ፊርማው ስትጠይቀው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "አንቺ? አስተዳዳሪ? ስምሽን ስትጽፊ አንድ ደብተር ታስጨርሻለሽ እኮ!" ቀጥሎ ግን ሳቁን ገታ። ይቺ ሴትዮ ባትኖር የራሱን ቤት መጸዳጃ እንኳ እንደማያገኘው ያውቃል። "እሺ፣ ቁጥጥሩ በሰላም ይለፍና እፈርምልሻለሁ" አላት። አዲሱ ተቆጣጣሪ አማርኛ እንደሚያውቅ አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃት።

ይሄ ነገር ትንሽ ነገር አይደለም። ብስራት ቁጥጥሩን በየዓመቱ የሚያልፈው በአማርኛ ነው። ተቆጣጣሪው በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ማናህሎሽ የሻይ ፔርሙስ ይዛ ከኋላ ትቆማለች፤ ብስራት ሻይ የሚያዛት መስሎ፣ "ይቺ ጥርስ የሌላት ማን ናት?" ይላታል፤ እሷም "እሺ ጌታዬ" የምትል መስላ ስሟንም፣ ሕመሟንም፣ መድኃኒቷንም ትነግረዋለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አልነቃባቸውም። ቀጭን ሁሉ ዲንካ፣ ረጅም ሁሉ ኑዌር ነው ለብስራት፤ ከነሱ ውስጥ ግማሹ በሱ አገር ውሃ ተራጭቶ እንዳደገ አንድም ቀን ታስቦት አያውቅም።

የቁጥጥሩ ቀን ብስራት በጠዋት መጣ። ሽቶ ተቀብቷል። ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አፍንጫዋ ሥር ዘረጋላት። ፊርማው አለ፣ ማኅተሙም አለ።

"ይሄውልሽ። ሰውየው ሲሸኝ ትወስጃለሽ። አሁን አስገቢያቸው።"

"ዘንድሮ ይቅር፣ አቶ ብስራት። ሙቀቱ እንደዚያን ጊዜ ነው።"

"ነርስ አለሽ? የለሽም። ቤቱ ይዘጋና አሥራ አራቱንም ጀበል ገበያ ላይ ዘርግተሽ ትሸጫለሽ? አስገቢ አልኩሽ!"

ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተ።

ማናህሎሽ ኩዎትን ሲሚንቶ በሚገፋበት የእጅ ጋሪ ወስዳ መጋዘን አስገባችው። "ሞዮ" አላት፣ በጋሪው ላይ እግሩ እየተንጠለጠለ። ማግዳሌናን በጀርባዋ አዘለቻት። ማግዳሌና ሠላሳ ዓመት ኢትዮጵያ በስደት ኖራ የተመለሰች አሮጊት ናት፤ እግሯ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ምላሷ ግን የሁለት ሰው ይሠራል።

"ዛሬም ዳቦ ቤት ነን?" አለች፣ ከጀርባዋ ላይ።

"ዝም በይ ማግዳሌና።"

"እኔ ምን ሥጋ አለኝ? አጥንት ጋግረሽ ለማን ልታቀርቢ ነው?"

"ዝም በይ ብያለሁ! እዚሁ እንዳልጥልሽ!"

ፍራሹ ላይ አስተኛቻት። አንሶላ በውሃ ነክራ ሁለቱንም አለበሰቻቸው፣ በየአጠገባቸው ጆግ ሙሉ ውሃ አኖረች። ልትወጣ ስትል ማግዳሌና ጠራቻት።

"አንቺ፣ ከረሜላስ? ለኔ የለም?"

የማናህሎሽ እጅ በሩ ላይ ቀረ። ሠራተኛ ያወራል፣ ግድግዳም ይሰማል፤ ማን እንደነገራት አልጠየቀችም። ዘጋችው። ቆለፈችው። ክሩን አንገቷ ላይ አጠለቀች፣ ቁልፉ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ገና ከአሁኑ ይሞቅ ነበር።

በልቧ ስሌቱን ጨርሳዋለች። በየአልጋቸው ላይ ቢገኙ ብስራት "ትላንት ነው የታመሙት፣ ነርሷ መንገድ ላይ ናት" ይላል፣ ያመልጣል። መጋዘን ውስጥ ካልተገኙ አቶንግም አትገኝም። ያም ሆኖ ዝም ካለች ደግሞ ወረቀቱ ማታ እጇ ይገባል፤ ፈተናውን ታልፋለች፤ በሩ ላይ የሚሰቀለው የሷ ፊት ይሆናል። ዝም ማለት ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ችላዋለች፣ አንድ ቀን ያቅታታል?

ጋች በአራት ሰዓት ደረሰ። በእንግሊዝኛ ሰላም አለ፣ እሷን እንደ በሩ መቃን አለፋት። ክፍሎቹን ዞረ፣ መድኃኒት ቤቱን አየ፣ ኩሽናውን አየ፣ ድስት ገልጦ አሸተተ። ጥብስና ቢራ ሲቀርብለት በእጁ ገፋ። ዝም ብሎ ይጽፋል። ጥንቃቄው ለበጎ ነው እንዳይባል፣ ጊዜውን በላው። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል ሆነ። ከማንጎው ሥር ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ፣ ማናህሎሽ ፔርሙሷን ይዛ ከብስራት ኋላ ቆመች። ጓሮ ያለው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲፍታታ ጠሽ ጠሽ ይላል። ያ ድምፅ ለሷ ብቻ ነው የሚሰማት።

ጋች በእንግሊዝኛ፣ መነሣት የማይችሉ ስንት እንደሆኑ ጠየቀ። ይሄንን የምታህል እንግሊዝኛ እሷም ትገባታለች፤ በየዓመቱ ትሰማዋለች።

ብስራት አንድም የለም ብሎ መለሰ። ወዲያው ዞር አለና ፈገግ እያለ፣ ስኳር የሚጠይቃት መስሎ፣ "ደህና አርገሽ ቆልፈሻል? ድምፃቸው እንዳይወጣ" አላት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን "አዎ" ትልና ሻይ ትቀዳለች። አሁን ፔርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የጋች አይን ወረቀቱ ላይ ነው፣ እስክሪብቶው ግን ቆሟል።

"አቶ ብስራት" አለች፣ ጮክ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለቀመች። "ማግዳሌናና ኩዎት መጋዘን ከገቡ ሦስት ሰዓት አለፋቸው። አቶንግ እዚያው መጋዘን ውስጥ እንደሞተችብን እንዳይሞቱብን፣ ልክፈትላቸው?"

ብስራት ፈገግታውን አላወረደም። ይቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ነካት ብሎ ተናደደ እንጂ አልፈራም፤ ማን ይሰማዋል?

"ቢሞቱስ?" አላት፣ በለሰለሰ ድምፅ። "አቶንግን ማን ጠየቀን? በእርጅና ብዬ ጻፍኩ፣ አለቀ። እነሱንም እጽፋለሁ። ይሄ የስልክ እንጨት እስኪሄድልን አፍሽን ዝጊና ሻይ ቅጂለት።"

ጋች እስክሪብቶውን ከደነው።

"የስልክ እንጨቱ አልሄደም፣ አቶ ብስራት" አለ፣ በጠራ አማርኛ። "ሻይም አልጠጣም። ቁልፉ የት ነው?"

የብስራት ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ቤት ይመስል ነበር።

"አማርኛ… ትችላለህ እንዴ?"

"ጋምቤላ ነው ያደግሁት።"

"አልነገርከኝም እኮ!"

"መቼ ጠየቅኸኝ?"

ማናህሎሽ ቀድማ ሄዳለች። በሩን ስትከፍት ወላፈኑ ፊቷን መታት። አንሶላዎቹ ደርቀው እንደ ካርቶን ቆመዋል። ኩዎት ጆጉን ገልብጦታል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ "ሞዮ" ለማለት እንኳ ድምፅ የለውም፤ አፉ ብቻ ነው የሚለው። ማግዳሌና አይኗን ገለጠች። በሩ ላይ የቆመውን ረጅም ሰው አየች፣ ማናህሎሽን አየች፣ ሁሉም ነገር ወዲያው ገባት።

"ማጥመጃ አደረግሽን" አለች፣ በተቃጠለ ጉሮሮ። "አንቺ ጨካኝ። አይጥ ልታጠምጂ ሥጋ አስቀመጥሽ።"

ማናህሎሽ ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን ጀርባ ደገፈች። ማግዳሌና ልክ ናት።

ሁለቱንም አውጥተው ጥላ ውስጥ አስተኟቸው፣ አራሷቸው። ጋች ሐኪም እንዲመጣ ደወለ። ብስራት ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ከወዲያ ወዲህ ይላል።

"እኔ ምን አደረግሁ? ቁልፉ በማን አንገት ላይ ነው? የምትቆልፈው እሷ ናት! እኔ በወር አንዴ ነው የምመጣው፣ ምን አውቃለሁ?"

"በወር አንዴ" አለ ጋች፣ እየጻፈ። "ይሄንንም አገኘሁ።"

ከዚያ ወደ ማናህሎሽ ዞረ። ቦርሳውን ከፍቶ የሷን ፎርም አወጣ፤ ይዞት መጥቶ ኖሯል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እናቴ፣ በእጅሽ የተጎዳ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር፣ የለም ብለሻል። አሁን በደንብ ስሚኝ። አስገድዶሽ ነው አይደል? እንጀራሽን እንዳታጪ ብለሽ፣ ፈርተሽው። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የሱ ነው፤ ፎርምሽ አይነካም።"

በሩን ከፍቶላታል። ብስራትም ይሄን ሰምቶ ቆሟል፤ እጁ ሳያስበው ደረት ኪሱ ላይ፣ የተፈረመው ወረቀት ላይ አርፏል። አዎ ብትል አንድ ቃል ናት። ጥላው ውስጥ የተኛችው ማግዳሌናም አንገቷን አዙራ ትጠብቃለች።

"አላስገደደኝም" አለች ማናህሎሽ። "አስገቢ አለኝ፣ አስገባሁ። ቆልፊ አለኝ፣ ቆለፍኩ። ከረሜላውን ግን ማንም አላዘዘኝም። እሱ የራሴ ነው። አቶንግ እንዳትጣራ ብዬ አፏን በከረሜላ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስትሞት ጉንጯ ውስጥ ነበር። በእነዚህም ላይ ዛሬ የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ አንተ እንድትሰማ ብዬ። ጻፈው።"

"ከጻፍኩት ለዘላለም ነው።"

"ነግረኸኛል። ጻፈው።"

ጋች ፎርሙ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር አሰመረ። መስመሩ ስሟን ለሁለት ከፈለው። ብስራት ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየ ድምፅ አወጣ። እሷ ዞራ አላየችውም፤ ቤት ገብታ ሰባት ዓመት የወለወለችውን ፈቃድ ከነመስታወቱ ከምስማሩ አንሥታ መጣችና ጋች ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ቁልፉን ከላዩ፣ ብስራት ፊት ላይ ጣለችው።

"ደስ አለሽ?" አለች ማግዳሌና ከተኛችበት። "እሱም ሄደ፣ አንቺም ሄድሽ። ነገ እኔን ማን ያዝለኛል?"

"ነርስ ያመጣሉ። የተማረች።"

"የተማረስ አንድ አይተናል" አለች ማግዳሌና፣ ብስራትን በአገጯ እያሳየች።

ጋች ስልኩን ከጆሮው አውርዶ፣ "ፖሊስ እየመጣ ነው። ሁለታችሁም ከዚህ ግቢ አትወጡም። ቁጭ በይ፣ እናቴ" አላት።

ማናህሎሽ ሰዓቷን አየች። ሰባት ከሩብ ሆኗል።

"አልቀመጥም" አለች። "ኩዎት የሚገለበጥበት ሰዓት አልፏል።" ጥላው ውስጥ ገብታ ተንበረከከች፣ አንድ እጇን ከትከሻው፣ አንዱን ከዳሌው ሥር ሰደደች፣ እሱ በሰለለ ድምፅ እየተራገማት፣ ወደ ግራ ጎኑ ገለበጠችው።